ሐረጎን የማይወጣ ብስክሌት፦ ያለ ማርሽ ክሮኖ መንዳት በኮምቦልቻና በጨፋ

ደሴ ውስጥ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ይዞ የወጣ ሰው አንድ ጥያቄ አያጣም። «ሐረጎን በምን ልትወጣው ነው?» ሐረጎ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። መልሴ አጭር ነው። አልወጣውም፣ አልወርደውምም። ብስክሌቴ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሥራው ታች ሜዳው ላይ ነው። ሲጨርስ ደግሞ እንደወረደው ጣሪያ ላይ ሆኖ ይመለሳል።

ፒያሳ ላይ ብስክሌቱን አይተው የሚያስቆሙኝ ልጆች በዝተዋል። እንዴት እንደተሠራ፣ ስንት እንደፈጀ፣ የት እንደሚነዳ ይጠይቁኛል። መንገድ ዳር ቆሞ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ፣ የማውቀውን እዚህ ላስቀምጥላቸው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። ተራ ብስክሌት ላይ እግራችሁን ስታሳርፉ ጎማው ብቻውን ይሄዳል። ያን የሚያደርገው ፍሪ የምንለው ዕቃ ነው። እንደኔ ያለው፣ ፊክስድ የሚባለው ብስክሌት ላይ ፍሪ የለም። የኋላው ፒኞን (ሰንሰለቱ የሚይዘው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ከጎማው ሞዞ (አክስሉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) ጋር አንድ ሆኖ ተቆልፏል። ጎማው ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል። ቁልቁለት ላይም፣ ኩርባ ላይም፣ ሲደክማችሁም ይዞራል። ክሮኖ ደግሞ ከሰዓት ጋር ብቻ የሚደረግ ውድድር ነው። ነፋስ የሚከልላችሁ ሰው ከፊት የለም። የተወሰነ ርቀት አለ፣ እናንተ አላችሁ፣ ሰዓቱ አለ።

ሁለቱን ለምን አገናኘሁ? ለክሮኖ ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ ብስክሌት ዋጋው የቤት ዕቃ ያስሸጣል። ተገዝቶ እንኳ አንድ ነገር ቢሰበርበት መለዋወጫው እዚህ አይገኝም። ፊክስድ ግን አሮጌ የብረት ኮርስ (የውድድር ዓይነት ብስክሌት)፣ አንድ የፊት ጥርስ፣ አንድ የኋላ ፒኞንና አንድ ካቴና፣ ማለትም ሰንሰለት ነው። ቢበላሽ ኮምቦልቻ ውስጥ ይጠገናል። ደግሞም ረጅም ሜዳ ላይ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞ ለሚነዳ ሰው፣ ማርሽ መቀያየር ብዙም አይጎድልበትም።

አዲስ ፈሊጥም አይደለም። ቱር ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1903 ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ ማርሽ መቀየሪያ አልነበራቸውም። እዚያ ውድድር ላይ የተፈቀደው በ1937 ነው። እንግሊዝ አገር የክሮኖ ነጂዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት በፊክስድ ተወዳድረዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚቻለውን ያህል ርቀት የመንዳት ክብረ ወሰን ዛሬም የሚሞከረው በፊክስድ ነው። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2022 ስዊዘርላንድ ውስጥ 56.792 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ ከፊት 65 ከኋላ 14 ጥርስ አስሮ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የቤልጂጉ ኤዲ መርክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ያን ያህል ርቆ የሄደው ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። በፍጥነት ስትነዱ አብዛኛውን ጉልበታችሁን የሚበላው አየር ነውና። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። መርክስ ባሕር ተሻግሮ የፈለገው ከፍታ በእኛ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው ነው! ኮምቦልቻ ላይ እንኳ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የቆላ ሰው መጥቶ እዚህ ቢነዳ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኛ ግን ተወልደን ያደግንበት ነው። ይህን ዕድል ይዞ መቀመጥ ያሳዝነኛል።

ወደ ሥራው ልግባ።

ፍሬም ስትፈልጉ አሮጌ የብረት ኮርስ ፈልጉ። ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ውስጥ ዝገት የሚበላቸው አሉ። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የኋላው ጎማ የሚገባበትን ክፍተት ነው። ክፍተቱ ወደ ጎን የተኛ መሆን አለበት። ፊክስድ ላይ ካቴናው የሚወጠረው ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ብቻ ነው። ክፍተቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ጎማው የሚሳብበት ቦታ የለውም። እንዲህ ያለውን ፍሬም በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።

ቀጥሎ ፍሬሙ ቀጥ ያለ መሆኑን በሲባጎ ፈትሹ። ሲባጎውን ከኋላ በአንዱ በኩል ጎማው ከሚታሰርበት ቦታ ጀምራችሁ፣ ከፊት መሪው የሚገባበትን ቱቦ አዙራችሁ፣ በሌላው በኩል ወደ ኋላ መልሱትና ወጥራችሁ እሰሩት። ከዚያ ከመቀመጫው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ደህና ነው። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ግን ካቴናው ሁልጊዜ ያስቸግራችኋል። ብየዳ የተነካ ፍሬም ላይ ደግሞ ቀለሙን ፋቅ አድርጋችሁ ብየዳው የት ድረስ እንደሄደ እዩ። መሪው አጠገብ ከሆነ ተዉት።

ዋናው ጉዳይ የኋላው ሞዞ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልንገራችሁ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ በሚሠራ ስህተት ነውና።

አንደኛው መንገድ ለፊክስድ ተብሎ የተሠራ ሞዞ ማስመጣት ነው። ይህ ሞዞ ሁለት ደረጃ አለው። ትልቁ ደረጃ ላይ ፒኞኑ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ትንሹ ላይ የምትገባው መቆለፊያ ቀለበት ግን የምትጠብቀው ወደ ግራ ነው። ብልሃቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትገፉ ፒኞኑ ሊፈታ ይሞክራል። ሲሞክር ግን ቀለበቷን ይበልጥ ያጠብቃታል። ስለዚህ አይወጣም። የእኔ ሞዞ የመጣው ከውጭ በዘመድ ሻንጣ ነው። ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ለሚያመጣው ሰውም ሸክም አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ የእኛ ነው። የዲስክ ፍሬን ያለው የማውንቴን ብስክሌት የፊት ሞዞ ውሰዱ። ዲስኩ የሚታሰርባቸው ስድስት የብሎን ቀዳዳዎች አሉት። ዲስኩን አውጥታችሁ በቦታው ፒኞን ታስራላችሁ፤ ሞዞውንም ገልብጣችሁ ያ ወገን በቀኝ እንዲሆን ታደርጋላችሁ። ፒኞኑ በስድስት ብሎን ስለታሰረ ወደየትም ብትገፉት አይፈታም። የዲስክ ፍሬን ኃይል እንዲሸከም ተብሎ የተሠራ ስለሆነም ጉልበታችሁን ይችላል። ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ከሞዞው መሃል 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ካቴናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከሚፈለገው ጋር ይቀራረባል። የቀረው ችግር የፊት ሞዞው ለኋላው ፍሬም ጠባብ መሆኑ ብቻ ነው። እሱም ረዘም ያለ አክስልና በግራና በቀኝ የሚገቡ ቀለበቶች ይፈልጋል። ቶርኖ ቤት በግማሽ ቀን ይሠራል።

ለጓደኛዬ እንዲህ አድርገን ነው የሠራነው። ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ያሉት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ ብስክሌት ሠርተው አያውቁም። ፒኞኑንና ዲስኩን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። «ሐጂ፣ ይሆናል?» አልኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ ብረት አይደል እንዴ!» አሉኝ። መጀመሪያ የፒኞኑን መሃል በቶርኖ 35 ሚሊ ሜትር አድርገው ከፈቱት። ሞዞው ላይ ዲስኩን መሃል የሚያስይዘው ጉብታ ልኩ ያ ነው። ከዚያ የዲስኩ ብሎኖች ያሉበትን ክብ ለኩ፤ 44 ሚሊ ሜትር። ኮምፓሱን 22 ላይ ከፍተው ክቡን ሣሉ። ኮምፓሱን ሳይነኩ በዚያው ልክ ክቡ ላይ እየረገጡ ዞሩ። ስድስተኛው እርምጃ የመጀመሪያው ነጥብ ላይ አረፈ። ስድስቱን ነጥብ በሹል ብረት መትተው ምልክት አድርገው በ5 ሚሊ ሜትር መብሻ በሱት። ሲገጠም ብሎኖቹ አንዱም ሳያስቸግር ገባ። ያን እጅ ያየ ሰው ለክሮኖ ብስክሌት አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም።

በዚህ መንገድ ስትሠሩ ፒኞኑ ከ16 ጥርስ ባያንስ ይሻላል። 15 ላይ የብሎኑ ራስ ወደ ካቴናው በጣም ይጠጋል። 14 ላይ ጭራሽ ቦታ የለም። ፒኞኑ ወፍራም ብረት ይሁን። ብሎኖቹ ላይም የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉ።

ሦስተኛ መንገድ የሚሏችሁ አለ። ፍሪውን በብየዳ ማጣበቅ። እምቢ በሉ። ጥርሱ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው። ብየዳ ሲነካው ጥንካሬው ይበላሻል፤ ውስጡ ያሉት ኳሶችና ምላሶችም ይቃጠላሉ። ደህና መስሎ ይሰነብትና አንድ ቀን ሙሉ ጉልበታችሁን ስታሳርፉበት ይሰነጠቃል። ተራ የፍሪ ሞዞ ላይ ፒኞን አጥብቆ ያለ ግራ ቀለበት መንዳትም እንደዚያው ነው። ወደ ኋላ ስትገፉ ይፈታል። በዚህ አልደራደርም።

ፒኞኑ ከተገጠመ በኋላ የካቴናውን መስመር ለኩ። ከፍሬሙ መሃል እስከ ፊቱ ጥርስ ያለው ርቀት፣ ከኋላ ሞዞ መሃል እስከ ፒኞኑ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። 42 ሚሊ ሜትር የተለመደው ልክ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ችግር የለውም። ብዙ ከተዛነፈ ግን ካቴናው ይጮሃል፣ ይበላል፣ ሊወልቅም ይችላል። ተራ ብስክሌት ላይ ካቴና ቢወልቅ ቆማችሁ ትመልሱታላችሁ። ፊክስድ ላይ ወልቆ ጎማው ውስጥ ከገባ ጎማውን ይቆልፈዋል።

ውጥረቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ካቴናውን መሃሉ ላይ በጣት ስትነኩት ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወዛወዝ ይበቃል። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ አዙሩና በየቦታው ነካ አድርጉት። የፊት ጥርስ ፍጹም ክብ ስለማይሆን አንድ ቦታ ላይ ጠበቅ ይላል። ልኩን የምትይዙት በዚያ በጠበቀው ቦታ ነው። ከዚያ ዳዶዎቹን በ15 ቁልፍ በደንብ አጥብቁ። የመጀመሪያውን ቀን ከነዳችሁ በኋላ ፒኞኑን፣ ቀለበቷንና ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ። አዲስ የተገጠመ ነገር ጭነት ሲያገኝ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ደግሞ ይላላል።

የካቴና ነገር ካነሳን፣ ይህን በጣም አደራ እላለሁ። ካቴናውን ስታጸዱ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ጨርቅ አታስይዙት። ፍሪ ስለሌለው ጎማው በራሱ ክብደት መዞሩን ይቀጥላል። ጨርቁን ይዞ ጣታችሁን ፒኞኑ ላይ ይወስደዋል። ጣት ይቆርጣል። ማጋነን አይደለም። ጎማውን አቁሙ፣ የቆመውን ክፍል ጥረጉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ትንሽ አዙሩ፣ እንደገና ጥረጉ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ትታችሁ አትሂዱ። የሱሪ ጫፍና የጫማ ማሰሪያም እንዲሁ ነው። ካልሲ ውስጥ አስገቡት።

ስለ ጥርስ ምርጫ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከከባዱ ነው፤ ከባድ ማርሽ ፈጣን ይመስላልና። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ከፊት 48 ከኋላ 18 ነው። የኮርስ ጎማ አንድ ዙር 2.1 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ48 በ18 ፔዳሉን አንዴ ስታዞሩ 5.6 ሜትር ትሄዳላችሁ። በደቂቃ 90 ዙር ካዞራችሁ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። እንግሊዞቹ የማርሽን ክብደት በኢንች ሲለኩ 72 ኢንች የሚሉት ልክ ይኸው ነው። የዓመቱ የውድድር ወቅት ሲጀመር ከዚህ በላይ ማሰር የማይፈቀድባቸው ክሮኖዎች ነበሯቸው፤ እግር እንዲፈታ ተብሎ። ጉልበታችሁ ሲለምድ 48 በ16 እሰሩ። አንድ ዙር 6.3 ሜትር ይሆናል። በደቂቃ 100 ዙር ብታዞሩ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ።

ይኸው ሒሳብ ሐረጎን ለምን እንደምተወው ያሳያችኋል። በ48 በ16 ሐረጎን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብትወርዱት እግራችሁ በደቂቃ 130 ጊዜ በላይ መዞር አለበት። 60 ከገባ ወደ 160 ይጠጋል። ያን ማንም ለረጅም ጊዜ አይችለውም፤ ማቆምም አይቻልም። ከፊት ሲኖትራክ፣ ከጎን ገደል ባለበት ኩርባ ላይ አይሞከርም። ስትወጡት ደግሞ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ፔዳሉ በደቂቃ የሚዞረው 32 ጊዜ ነው። ለጉልበት መገጣጠሚያ መርዝ ነው። ከደሴ ከሆናችሁ ከሚኒባስ ረዳቱ ጋር ተስማሙ። የኋላው ጎማ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ራሳችሁ እሰሩት። ካቴናው ላይ ጆንያ ጣሉበት፤ የሰው ዕቃ እንዳይቀባ።

ፍሬን። «ፊክስድ በእግር ይቆማል፣ ፍሬን ምን ያደርጋል?» የሚል ልጅ ታገኛላችሁ። እግር ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ድንገት አያቆምም። ስትቆሙ ክብደታችሁ ወደ ፊት ስለሚሄድ የሚያቆማችሁ የፊት ጎማ ነው። የፊት ፍሬን ግዴታ ነው። እኔ የኋላውንም አስሬያለሁ። ካቴናው ቢበጠስ እግራችሁ ምንም አያደርግላችሁምና።

መንዳቱን የምትለምዱት ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ተሽከርካሪ ያለበት መንገድ ላይ አትጀምሩ። እግራችሁ የድሮ ልማዱን ይዞ ሊያርፍ ይሞክራል። ብስክሌቱ እሺ አይልም። ከመቀመጫችሁ ብድግ ያደርጋችኋል። ያኔ አትታገሉት፤ እግራችሁን ለቀቅ አድርጉና አብራችሁ ዙሩ። ለመነሳት የኋላውን ጎማ ከመቀመጫው ይዛችሁ ከመሬት አንሱና ፔዳሉን ወደምትፈልጉት ቦታ አዙሩት፤ መሬት ላይ ቆሞ ወደ ኋላ አይዞርምና። ፍጥነት ለመቀነስ ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመጣ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ብዙ አትጋደሙ። ፔዳሉ ስለማይቆም ታች ሲደርስ አስፋልት ሊነካ ይችላል። አጭር የፔዳል ክንድ፣ 165 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ለዚህም ለፍጥነትም ይረዳል። በደንብ ከለመዳችሁ በኋላ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ባጃጆች መሃል በዝግታ መንዳት በራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። ሁለት መኪና ቀድሞ ማየት ትለምዳላችሁ።

የአቀማመጡ ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ከብስክሌቱ ይልቅ አየሩን የሚመታው የእናንተ ሰውነት ነው። ክርናችሁን ሰብስቡ፣ ጀርባችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ጭንቅላታችሁን በትከሻችሁ መሃል አስገቡ። የተቆለመመውን የኮርስ መሪ ገልብጣችሁ፣ ታችኛውን ክፍል በመጋዝ ቆርጣችሁ፣ ወደ ፊት የሚወጣ ቀንድ ማድረግ ይቻላል። ጫፉን በሞረድ አለስልሱና በቡሽ ድፈኑት። የክርን ማሳረፊያ ያለው ተቀጥያ ከፈለጋችሁ ግን የተገዛ ይሁን። መሪ ላይ የተበየደ ነገር ሙሉ ክብደት አይጣልበትም። ደረታችሁን ይዞ የሚወርደው እሱ ነው። ደግሞ ዝቅ ማለቱ ለሜዳው ነው። መኪና ወይም ከብት ስታዩ እጃችሁ ፍሬን ላይ መሆን አለበት።

መንገዱስ? ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲሄዱ መንገዱ ቁልቁል ያዘነብላል። ለማሟሟቂያ ደህና ነው። ሰዓት ለመያዝ ግን ያታልላል፤ ስትሄዱ ትበራላችሁ፣ ስትመለሱ ትደክማላችሁ። ሐርቡን አልፎ ወደ ከሚሴ ያለው የጨፋ ሜዳ ነው ለክሮኖ የተሠራ የሚመስለው። ግራ ቀኝ ለምለም ሣር፣ ከፊት ረጅም ቀጥ ያለ አስፋልት። እዚያ 5 ኪሎ ሜትር ሄዶ 5 መመለስ ለጀማሪ ይበቃል። ሁለቱንም አቅጣጫ መንዳት ያስፈልጋል፤ የነፋሱና የትንሿ ዘንበል ዕዳ እንዲካካስ። ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮች ጠይቁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ። ረፈድ ሲል ነፋሱ ይነሳል፣ ሙቀቱም ከደሴ ለመጣ ሰው ይከብዳል፣ ከብቶቹም ወደ ግጦሽ መንገድ ይሻገራሉ። እረኞቹን ቀድማችሁ ሰላም በሏቸው። «ፍጥነት ስለያዝኩ ነው፣ ስመለስ አያችኋለሁ» ብላችሁ ከተግባባችሁ ቀጥሎ ስትመጡ ከብቱን ራሳቸው ይይዙላችኋል።

ከባድ መኪና ሲያልፋችሁ መጀመሪያ ይገፋችኋል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ይስባችኋል። መሪውን አትጨብጡ፤ ያዝ ብቻ አድርጉት። የአስፋልቱን ጫፍ አትከተሉ። ከጫፉ አንድ ሜትር ያህል ገባ በሉ፤ ማምለጫ ይኖራችኋል።

አሁን ፊክስድን ለክሮኖ የወደድኩበትን ነገር ልንገራችሁ። የፍጥነት መለኪያ አያስፈልገውም። ጎማውና እግራችሁ ስላልተለያዩ እግራችሁ ራሱ መለኪያ ነው። በ48 በ16 ስትነዱ፣ በ15 ሰከንድ ውስጥ ቀኝ እግራችሁ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩና በአንድ ተኩል አባዙት። 22 ከቆጠራችሁ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ነው። 24 ከሆነ 36። ሌላ ምንም ዕቃ አያሻም። ይህን የለመደ ሰው ነፋስ ሲመታው ቁጥሩ ሲወርድ ወዲያው ይሰማዋል። ማርሽ ያለው ብስክሌት ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ ድካሙን ትደብቁታላችሁ። እዚህ መደበቂያ የለም። ስለዚህ እግር እኩል መንዳትን ይማራል።

ክሮኖ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው። ስትነሱ ሁሉም ቀላል ነው። ቁጥሩ 26 ይላል፣ ደስ ይላል። መዞሪያው ላይ ሳትደርሱ እግራችሁ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሩብ ከምትችሉት ዝቅ አድርጋችሁ ንዱ። መዞሪያው ላይ ሰው ማቆም ጥሩ ነው፤ መኪና መኖር አለመኖሩን አይቶ በእጅ ምልክት የሚሰጥ። ሰው ከሌለ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ አይታችሁ፣ ዙሩ። አምስት ሰከንድ ቢባክን ይባክን። የመጨረሻው ሩብ ላይ ያላችሁን ሁሉ አውጡ።

ክለብ ገብታችሁ በይፋ ለመወዳደር የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር እወቁ። በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ የጎዳና ውድድር ላይ ፊክስድ አይፈቀድም። ስለዚህ ለክለብ ውድድር ማርሽ ያለው ብስክሌት ያስፈልጋችኋል። በፊክስድ ያገኛችሁት እግር ግን አብሯችሁ ይሄዳል። ለእኛ ለብዙዎቻችን ውድድሩ ካለፈው ሰዓታችን ጋር ነው። ለዚያ ፈቃድ የሚሰጥ የለም።

በመጨረሻ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ያሰራችሁትን ጥርስ፣ ነፋሱ ከየት እንደነበር፣ ሰዓቱንና በየመሃሉ የቆጠራችሁትን ቁጥር ጻፉ። ሲመለስ ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ ማርሹ ከብዷችኋል፤ ኋላ አንድ ጥርስ ጨምሩ። በ15 ሰከንድ 26 እና ከዚያ በላይ እየቆጠራችሁ ትንፋሻችሁ ከተረፈ ደግሞ አንድ ጥርስ ቀንሱ። ሁለት አትዝለሉ። ጥርስ በቀየራችሁ ቁጥር ጎማው ቦታውን ስለሚለውጥ የካቴናውን ውጥረትና የፍሬኑን ላስቲክ እንደገና አስተካክሉ።